ዘቡን የቀጣሁበት ቀን

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገልኩት በሠራዊቱ ውስጥ በመገናኛ ሙያ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት መሀል አዲስ አበባ፣ ከስታዲየም ብዙም በማይርቅ አንድ ቢሮ ውስጥ አሳለፍኩ። የቢሮውንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም፤ ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ይህን የምጽፈው ከበታቻችሁ የሚታዘዝ ሰው ላላችሁ ሁሉ ነው። የግድ ወታደር መሆን አያስፈልግም፤ ባንክም ወረዳም የሚሠራ ሰው የራሱን ቢሮ ያይበታል።

ጽሕፈት ቤታችንን የምትይዝ አንዲት ሃምሳ አለቃ ነበረች። ድምጿ የማይሰማ፣ ግን መዝገቧ ላይ አንዲት መስመር ክፍት ትታ የማታድር ልጅ ናት። አንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ በእጅ ስልኳ ተደወለ። ደዋዩ ማዕረጉንና ስሙን ተናገረ፤ የክፍሉን መኮንኖች ስም ከነስልክ ቁጥራቸው አሁኑኑ በቴሌግራም እንድትልክለት አዘዘ። ለአስቸኳይ ስብሰባ ነው። እሷም «እሺ ጌታዬ፣ በቢሮዎ መስመር መልሼ ልደውልና እልካለሁ» አለች። «እኔን ነው የምታጣሪው?» ብሎ ጮኸባት። እኔ ጎን ካለው ክፍል ሆኜ ድምፁ ከስልኩ ተርፎ ሲመጣ ሰምቻለሁ። ይቅርታ ጠይቃ ዘጋችና ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር የቢሮውን መደበኛ ስልክ አይታ ደወለች። ያነሱት ራሳቸው ነበሩ። እውነተኛ ኮሎኔል።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለእኔ ተደወለ። ምን እንደተባልኩ መዘርዘር አያስፈልግም። ከሰዓት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩባት፤ «የበላይ አካል የሰጠውን ትዕዛዝ በወቅቱ ባለመፈጸምሽ» ይላል። በእጄ ነው የፈረምኩት። ስሰጣት ቆማ አነበበችው፣ ተቀብያለሁ ብላ ፈረመች፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን በራሷ መዝገብ ላይ ሞላች። የራሷን ቅጣት ራሷ መዘገበች። ያን ጊዜ ይህ አልከነከነኝም።

አርባ ቀን ያህል ቆይቶ፣ እሷ የዓመት ፈቃድ ላይ ሳለች፣ ሌላ ስልክ መጣ። በቦታዋ የተቀመጠው አንድ አስር አለቃ ነው፤ ፈጣን ልጅ፣ ኮምፒዩተር ላይ እጁ የሚሮጥ። ደዋዩ ከአንድ ጄኔራል ጽሕፈት ቤት እንደሚደውል ተናገረ፤ ማዘዝ የለመደ ድምፅ ነው፤ የጠየቀውም ያንኑ ዝርዝር። ልጁ «አቤት ጌታዬ» ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከ። አራት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ ጽሕፈት ቤት ግን ማንም አልደወለም።

ይህን ያወቅነው በሁለተኛው ሳምንት፣ የመኮንኖቻችን ቴሌግራም አንድ በአንድ መወሰድ ሲጀምር ነው። ከምታውቀው ሰው «ልጄ ውድድር ገብታለች፣ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። ሊንኩን ስትነካው ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቀጥሎ «የመጣልዎትን ኮድ ያስገቡ» ይላል። ያ ኮድ የድምፅ መስጫ አይደለም፣ የቴሌግራምህ ቁልፍ ነው። ሦስት መኮንኖች አስገቡ። ከሦስቱ አካውንት ለወዳጅ ዘመዱ ሁሉ «ቸግሮኛል፣ እስከ ነገ ብቻ» የሚል ተላከ፤ የአንዱ አማች 15,000 ብር በቴሌብር ከፈለ። እኔን ያሳሰበኝ ብሩ አልነበረም። በእነዚያ አካውንቶች ውስጥ የዓመታት የስብሰባ ጥሪ፣ የተረኛ ዝርዝር፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶ ተከምሯል። ተራው የቴሌግራም ጭውውት የሚቀመጠው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ አካውንቱ የተከፈተለት ሰው ያልጠፋውን የድሮ መልእክት ሁሉ ቁጭ ብሎ ያነባል።

አስር አለቃውን ጠርቼ «ለምን መልሰህ አልደወልክም?» አልኩት። ዝም አለ። ደግሜ ስጠይቀው ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ «ሻለቃ፣ ሃምሳ አለቃ መልሳ የደወለች ጊዜ የሆነውን አይቻለሁ» አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ተኝቻለሁ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሰዎቻችን ስለ ሳይበር የሚሉትን በሌላ ጆሮ መስማት ጀመርኩ።

እኛ መኮንኖች ስለ ሳይበር አደጋ ግድ የለንም ማለት ስህተት ነው። እናስባለን፤ የምናስበው ግን በለመድነው መልክ ነው። ጠላት አለ፣ አቅጣጫ አለ፣ ድንበር አለ። ሰኔ 2012 የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የሞከሩትን ጥቃት አከሸፍኩ ብሎ ሲያስታውቅ፣ ሻይ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ለሁሉም ገባው፤ ማን፣ ከየት፣ ለምን የሚለው ተሟልቷላ። ጥር 2010 ላይ የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ፣ ከቢሯችን በታክሲ ቅርብ በሆነው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ የነበረ መረጃ ለዓመታት በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይተላለፍ ነበር ብሎ ሲጽፍም እንዲሁ ነበር። ቻይናም ኅብረቱም አስተባብለዋል፤ ቢሆንም በእኛ ሰዎች አእምሮ ውስጥ «ሳይበር» ማለት ያ ሆኖ ቀረ፦ ትልቅ ሕንፃ፣ ትልቅ አገር፣ እኩለ ሌሊት።

«ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» ግን አቅጣጫ የለውም። የሚመጣው ከወዳጅ ስልክ ነው። ጉዳዩን በስብሰባ ላይ ሳቀርብ አንድ የበላይ መኮንን «ይሄ የሌባ ነገር ነው፣ ለፖሊስ ንገር» አሉኝ። በሕጉስ ልክ ናቸው፤ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የሰው አካውንት ውስጥ መግባት ወንጀል ነው። ግን ዝርዝሩን የወሰደው ሌባ ነገ ለማን እንደሚሸጠው እሳቸውም እኔም አናውቅም።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ማዕረግ ከፍ ባለ ቁጥር እጅ ከማሽኑ ይርቃል። አንድ አለቃ ነበሩን፤ ኢሜላቸውን የምትከፍተው ጸሐፊያቸው ናት፣ የይለፍ ቃሉም በእሷ እጅ ጽሑፍ ኪቦርዱ ሥር ተለጥፏል። መልእክቱን አትማ ታቀርብላቸዋለች። እሳቸው በአረንጓዴ እስክሪፕቶ ጠርዙ ላይ «ይታይ» ብለው ይፈርማሉ። ከዚያ ወረቀቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ የሚፈልገው ሰው መስክ ላይ ከሆነ ደግሞ በስልክ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ይላካል። እሳቸው ከዚህ ሁሉ የሚያዩት ወረቀቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ምስጢር ጥበቃ ሲያስቡ ትዝ የሚላቸው የብረት ካቢኔት፣ ማህተምና በር ላይ ያለ ዘብ ነው። በእሳቸው ዓይን ቢሮው ላለፉት ሠላሳ ዓመታት አልተለወጠም። እንዲያውም የካቢኔቱን ቁልፍ ራሳቸው ይዘው ይሄዱ ነበር።

ወጣቶቹስ? ወጣቶቹ ማሽኑን አይፈሩም፤ «እኔን ማን ይፈልገኛል?» ባይ ናቸው። ማንም አይፈልግህ ይሆናል፤ አለቃህን የሚፈልግ ሰው ግን በአንተ በኩል ይመጣል። ይህን ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ።

ከመጠን በላይ የሚፈሩም አሉ። ስብሰባ ሲገባ ስልክ በር ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ጥሩ ነው። አንድ ቀን ግን ስልኩን አስረክቦ የገባ መኮንን እጅ ላይ ዘመናዊ የእጅ ሰዓት፣ ያ እርምጃና የልብ ምት የሚቆጥረው፣ ሲያበራ አየሁ። ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ አልሳቅሁም። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ስትራቫ የተባለው የሩጫ መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን መሮጫ በዓለም ካርታ ላይ አብርቶ አወጣ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ የ20 ዓመት አውስትራሊያዊ ተማሪ ካርታውን ሲያይ፣ ጨለማ መሆን በሚገባው በረሃ ውስጥ የወታደር ካምፖች ቅርጽ ብሎ ታየው። ወታደሮቹ ምንም አልሰረቁም፣ ምንም አላወሩም። ጠዋት ጠዋት አጥሩን ዙሪያ ሮጡ፣ በቃ።

ስለ ፍላሽ ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። የቢሮው ፕሪንተር ቀለም ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፦ ፍላሽ ይዞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። ለገሐር አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት ገብቼ ፍላሼን ለልጅቷ ሰጠኋት። ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ገልብጣ ከፈተችው፣ አተመች፣ ሂሳቤን ተቀበለች። ስክሪኑን አየሁት። ከግድግዳ ግድግዳ ፋይል ነው፤ የሰው ሲቪ፣ የመታወቂያ ስካን፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የባንክ ደብዳቤ፤ ከመሀላቸው አሁን የገባው የእኔው ፋይል። «ይሄን አጥፊልኝ» ስላት ያለ ቅሬታ አጠፋችው፤ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ግን ተቀምጧል። እሱንም አጥፊ አልኳት፣ በትዝብት አየችኝ። ቢሮ ተመልሼ ፍላሹን ስሰካ ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ይህን ያላየ አዲስ አበቤ የለም፤ ለምደነው «ያው ሾርትከት ቫይረስ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን መካከለኛው ምሥራቅ በነበረ አንድ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ላፕቶፕ ላይ የተሰካ አንድ ፍላሽ ምስጢራዊ መረባቸው ድረስ ዘልቆ፣ ያንን ለማጽዳት 14 ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል፤ ፔንታጎንም ፍላሽ መጠቀምን ለጊዜው ከልክሎ ነበር። ይህን ለሰዎቻችን ስነግራቸው ነው ፎቶ ኮፒ ቤቱ የጸጥታ ጉዳይ መሆኑን የተቀበሉኝ። የቀለም በጀቱ ግን ከዚያም በኋላ ቶሎ አልተፈቀደም።

አሁን ወደ ሃምሳ አለቃዋ ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ የእሷ ነገር ነውና።

እኔ የራዲዮ ሰው ነኝ። በራዲዮ ድምፅ አይታመንም፤ ይህን የተማርነው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። «እኔ አዛዡ ነኝ» የሚል ድምፅ ሲመጣ የምስጢር ጥያቄና መልስ ከተጻፈበት ሰንጠረዥ ላይ ጥያቄ ትጠይቀዋለህ፣ ትክክለኛውን መልስ ካልሰጠ አዛዥ አይደለም። ሃያ ዓመት ስጠይቅ አንድም አዛዥ «እኔን ነው የምታጣራው?» ብሎ አያውቅም። ሰንጠረዡ ከሁሉም ማዕረግ በላይ ነበራ። ዘብም እንዲሁ ነው፤ በጨለማ «ቁም! ማነህ?» ብሎ ያስቆመህን ወታደር ጠዋት ታመሰግነዋለህ እንጂ አትቀጣውም። የይለፍ ቃል የሚለውን ስም ኮምፒዩተሩ የወሰደው ከዘብ መሆኑን ልብ በሉ።

ታዲያ ስልክ ላይ ስንደርስ ይህን ሁሉ ምን አስረሳን? ብዙ አስቤበታለሁ። ራዲዮው የመንግሥት ነው፤ ፈርመህ ትረከበዋለህ፣ ፈርመህ ትመልሰዋለህ። ስልኩ ግን የራስህ ነው፣ በራስህ ብር የተገዛ፣ የልጆችህ ፎቶ ያለበት። ማንም እንደ መሣሪያ አያየውም። በኮሮና ጊዜ ስብሰባው በቪዲዮ ሆነ፣ ደብዳቤው በቴሌግራም ሆነ፣ ኮሮናው ሲያልፍ ልማዱ ቀረ። ሥራው ቀስ እያለ ወደ ግል ኪሳችን ገባ፤ ደንቡ መዝገብ ቤት እንደተቀመጠ ነው።

ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ ተአምር አይደለም። መጀመሪያ የጻፍኩት ረቂቅ አንድ ገጽ ነው፦ በስልክ ዝርዝር፣ ኮድ፣ ገንዘብ ወይም ሰነድ የተጠየቀ ማንኛውም የበታች ሠራተኛ በታወቀው የቢሮ መስመር መልሶ እንዲደውል፣ በዚህም ምክንያት እንዳይጠየቅ። የመጨረሻዋ ሐረግ ናት ዋናዋ። ረቂቁ ለመፈረም ሦስት ወር ፈጀ፤ «ዲሲፕሊን ያላላል» የሚል አስተያየት ሁለት ጊዜ ተጽፎበት ተመልሷል። የሚደወልበት ቁጥር ደግሞ ደዋዩ የሚሰጥህ መሆን የለበትም፤ «በዚህ ደውለህ አጣራ» የሚል ሰው ያንኑ ጓደኛውን ነው የሚያገናኝህ። ዝርዝሩ ከግድግዳው ወርዶ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ድምፁን አውቀዋለሁ የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ከእንግዲህ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የድርጅት ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የፋይናንስ ኃላፊውንና የሥራ ባልደረቦቹን አይቶ፣ ድምፃቸውንም ሰምቶ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስተላለፈ፤ ከእሱ በቀር ስብሰባው ላይ የነበሩት ሁሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ምስሎች ነበሩ። ይህን ስናገር ስልጠና ላይ አንድ ሻምበል «ታዲያ ሚስቴ ብትደውልስ?» አለ። ሳቁበት። እኔ ግን ጥያቄውን ወደድኩት፤ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ቃል ይስማማ፣ ገንዘብ በተጠየቀ ቁጥር ይጠያየቁበት አልኩት። እኔና ባለቤቴ አለን። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ቴሌግራማችሁን አሁኑኑ ክፈቱ። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን፤ የራሳችሁን የይለፍ ቃል አስገቡበት። ይህ ካለ ሌባው ኮዱን ቢያገኝም በር ላይ ይቀራል። እዚያው ሴቲንግስ ላይ ዲቫይስስ የሚል አለ፤ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ካያችሁ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ተጫኑ። አካውንታችሁን እንደተሰረቃችሁ ካወቃችሁ መሮጥ ያለባችሁ ወደዚህ ነው፤ አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የእናንተን ስልክ ማስወጣት አይችልም፤ እናንተ ግን እሱን ማስወጣት ትችላላችሁ። ከሦስቱ መኮንኖቻችን አንዱ ይህን በሰዓቱ አድርጎ ዳነ። ሁለቱ አፍረው ለሦስት ቀን ለማንም አልተናገሩም። ሐፍረቱ ከስርቆቱ የከፋ ነው፤ በተለይ ማዕረግ ካለህ። በቢሮ ደረጃ ከሆነ ደግሞ በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢመደአ) ሥር ያለው ኢትዮ ሰርት፣ የሳይበር ጥቃት ሲደርስ የሚረዳው ቡድን፣ ለዚህ የተቋቋመ ነው፤ ቶሎ ማሳወቅ ነው።

የጮኹት ኮሎኔል ስለ ጉዳዩ አንዳች ነገር ብለውኝ አያውቁም። ያ ረቂቅ ተፈርሞ ከወጣ በኋላ ግን ሲደውሉ መጀመሪያ የሚሉት «ቁጥሬን ታውቂዋለሽ፣ መልሰሽ ደውይ» ነው ብላ ሃምሳ አለቃዋ ነግራኛለች።

እሷን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ቆሜ፣ አስር አለቃው ባለበት። «ምንም አይደለም ሻለቃ» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማስጠንቀቂያውን ከማህደሯ ላወጣላት ፈልጌ መዝገብ ቤት ሄድኩ። አንዴ ቁጥር የተሰጠው ወረቀት አይወጣም አሉኝ፤ ደንብ ነው፣ ልክም ናቸው። ስለዚህ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ያን ጠዋት ያደረገችው ትክክል እንደነበረ፣ ጥፋቱም የፈረምኩት የእኔ እንደሆነ። ሁለቱም አሁን እዚያው ናቸው፤ ማስጠንቀቂያው በገጽ 14፣ የእኔው ከእሱ ቀጥሎ በገጽ 15፣ ቁጥራቸው በእሷ እጅ ጽሑፍ።